ጋዝን በብርሃን መቀስቀስ፦ የኃይልና የሞገድ ርዝመት ጥያቄ

ጋዝን በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሌላ ብርሃን ቀስቅሶ ሌዘር የማውጣት ሐሳብ የሌዘርን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ፖል ራቢኖዊትዝ፣ ስቲቨን ጃኮብስ እና ጎርደን ጉልድ የሲዚየም ተንን በሂሊየም መብራት ቀስቅሰው 7.18 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር አገኙ። የተሳካላቸው መብራቱ ከሚያወጣቸው የብርሃን መስመሮች አንዱ፣ የ388.8 ናኖሜትሩ፣ ሲዚየም ከሚውጠው ብርሃን ጋር በአጋጣሚ ስለገጠመ ነው። የተገኘው ኃይል ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኃይሉን ማሳደግና የሞገድ ርዝመቱን ማብዛት እንዴት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አለ።

ትልቁ እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ቻንግ እና ብሪጅስ የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች መብራቱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ተክተው ሜቲል ፍሎራይድ የተባለውን ጋዝ ቀሰቀሱ። የገባው ብርሃን 10 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን የወጣው 496 ማይክሮሜትር ነበር። ይህ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለው፣ ለኤሌክትሮኒክስም ለተለመዱት ሌዘሮችም አስቸጋሪ የሆነው የቴራኸርዝ ክልል ነው።

ከዚያ በኋላ ጋዞቹ በዙ፤ መስመሮቹም በሺህ ይቆጠሩ ጀመር። አጋጣሚው ግን አልቀረም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሚያወጣው የተወሰኑና የተነጣጠሉ መስመሮችን ስለሆነ፣ ከእነዚህ አንዱን የማይውጥ ሞለኪውል ምንም ያህል ተስማሚ ቢሆን ከጨዋታ ውጪ ነው።

ኃይሉም የራሱ ጣሪያ አለው። ሜታኖል 9.7 ማይክሮሜትር ብርሃን ውጦ 118.8 ማይክሮሜትር ያወጣል። የሚገባው ፎቶን ከሚወጣው ከ12 እጥፍ በላይ ኃይል ስላለው፣ እያንዳንዱ ፎቶን አንድ ፎቶን ቢያስወጣ እንኳ የሚገኘው 8 በመቶ ብቻ ነው። 100 ብር ከፍሎ የ8 ብር ዕቃ እንደመግዛት ነው፤ መልሱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ፎቶኑን የለቀቀው ሞለኪውል ከዋጠው ብርሃን ያገኘውን ንዝረት እስኪያራግፍ ድረስ ዳግም አይሠራም። ይህም በአብዛኛው የሚሆነው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ነው። የጋዙን ግፊት ቢጨምሩት ሞለኪውሉ ግድግዳው ጋ ለመድረስ ይዘገያል።

እንዲህም ሆኖ ሜታኖል ጠፈር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀችው የናሳ ሳተላይት ኦራ 2.5 ቴራኸርዝ የሚያወጣ የሜታኖል ሌዘር ይዛ ነበር፤ በእርሱ አማካይነት በላይኛው ከባቢ አየር ያለው ሃይድሮክሲል ተለክቷል።

ኃይልን ያስቀደሙት በሌላ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዊልያም ክሩፕኬ እና ባልደረቦቹ የሩቢዲየም ተንን በ780 ናኖሜትር ቀስቅሰው 795 ናኖሜትር አወጡ። ሁለቱ ሞገዶች ስለሚቀራረቡ በልዩነታቸው የሚባክነው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሩሲያ ተመራማሪዎች በዲዮድ ከተቀሰቀሰ የሲዚየም ሌዘር 1 ኪሎዋት ገደማ አገኙ። ዋጋው የሞገድ ምርጫን ማጣት ነው፤ ሩቢዲየም 795 ላይ፣ ሲዚየም 895 ናኖሜትር ላይ ተቸንክረዋል።

የሞገድ ምርጫን የከፈተው ኳንተም ካስኬድ የተባለው፣ ሞገዱን እንደ ልብ ማስተካከል የሚቻል አነስተኛ የኢንፍራሬድ ሌዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርዱ ፌደሪኮ ካፓሶ፣ ሄንሪ ኤቨሪት እና ባልደረቦቻቸው በዚህ ሌዘር ናይትረስ ኦክሳይድን፣ በሆስፒታል ማደንዘዣነት የሚታወቀውን ጋዝ፣ ቀሰቀሱ። ከ0.25 እስከ 0.95 ቴራኸርዝ ባለው ክልል 29 መስመሮችን አገኙ። ቀስቃሹን ወደ ተፈለገው መስመር ማዞር ስለሚቻል ጋዙ ከአጋጣሚ ጥገኝነት ተላቀቀ። የወጣው ኃይል ግን ከ1 ሚሊዋት በታች ነበር።

ስለዚህ ዛሬም ኪሎዋት የሚፈልግ እንደ ሩቢዲየምና ሲዚየም ያለ የአልካሊ ብረት ተንን፣ ብዙ ሞገድ የሚፈልግ ሞለኪውልን ይመርጣል። ከሁለቱ ጥያቄዎች የሞገዱ በአብዛኛው መልስ አግኝቷል። የቴራኸርዙ ኃይል የሚያድገው ደግሞ ቀስቃሾቹ ኳንተም ካስኬዶች በጠነከሩ መጠን ነው፤ የፎቶኖቹ የኃይል ልዩነት የጣለውን ጣሪያ ግን የትኛውም ቀስቃሽ አያነሳውም።