የምግብና የፀጉር ነገር

ገበሬ አንባቢዎች፣ ምግብ ራስን በራ ያደርጋል ወይ?

እንጀራም ሆነ ጠላ ሆድ ሲገባ በደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ እሱም ስኳሩን ከደም አውጥቶ ለሰውነት ይሰጣል። እንጦጦ ላይ እንጨት የምትሸከም ሴት ስኳሩን ቶሎ ትጨርሰዋለች። በዚያው በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሸምን ሰው ግን ብዙም አይጨርሰውም። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲወፍር ሰውነቱ ኢንሱሊንን እምቢ ይላል፤ ቆሽትም አብዝቶ ያመነጫል።

በ2000 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ሐኪሞች ይህ ነገር በወጣትነታቸው በራ በሆኑ ወንዶች ላይ እንደሚበዛ ጽፈዋል። ታዲያ ስኳር ፀጉር ነቀለ ማለት አይደለም። በራነት አብዛኛውን ጊዜ የዘር ነው፤ በራ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይባልም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የሕፃን ፀጉር ነው። ቀልቶና ሳስቶ፣ ሲስቡት እሺ ብሎ ከተነቀለ ልጁ ገንቢ ምግብ አጥቷል። ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት ስጡት። እንቁላሉንም ሁሉ ገበያ አታውጡት፣ ለልጁ አስቀሩለት እንጂ! እግሩ ካበጠ ግን ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ አድርሱት።