«ዊንዶው ስንት ይሻለኛል?»

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ደወሉልኝ። ሰው ቢሮ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ እየዘረጋሁ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ ነው ያዳመጥኳቸው። «ልጄ፣ ላፕቶፔ ተንቀራፈፈብኝ። ወደ 11 አስቀይሪው እያሉኝ ነው፤ ላስቀይረው?» አሉኝ። «ያስቀይሩት» ብዬ ዘጋሁት። ምን ዓይነት ላፕቶፕ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠሩበት፣ ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ነገር አልጠየቅኳቸውም።

ከአምስት ወር በኋላ ላፕቶፑን በፌስታል ይዘው መጡ። ቻርጅ አልቀበል ብሎ ማዘርቦርዱ ተቀይሮለት ነበር። ሲከፈት በሰማያዊ ገጽ ላይ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ዊንዶው 11ን የጫነላቸው ልጅ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ለዚያች ሰዓት ብቻ በፈጠረው ኢሜይል አካውንት ከፍቶላቸዋል። አዲሶቹ የ11 ቨርዥኖች ደግሞ ከባዶ ተጭነው በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፋሉ። ቁልፉ ከማዘርቦርዱ ቺፕ ጋር ይታሰራል፤ መጠባበቂያው ወደ አካውንቱ ይላካል። ቺፑ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ተጣለ፤ ኢሜይሉን ልጁ አያስታውሰውም። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፋቸውና የሟች እናታቸው ፎቶዎች ዲስኩ ውስጥ አሉ፤ የሚከፍታቸው ግን የለም። እኔም አልቻልኩም።

ላፕቶፑን ስፈታው ሌላም ነገር አየሁ። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ራሙ ግን 4 ጊጋ ብቻ፣ ዲስኩም የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነበር። መምህርቷን ያማረራቸው መንቀራፈፍ የመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ኤስኤስዲ ገብቶለት ራም ቢጨመርለት ኖሮ ችግሩ በግማሽ ቀን፣ አንድም ፋይል ሳይነካ ያልቅ ነበር። «ያስቀይሩት» ያልኩት ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ከማንኛውም ጥያቄ በላይ የሚደጋገምብኝ «ዊንዶው ስንት ይሻለኛል?» የሚለው ነው። ከጥያቄው በስተጀርባ አንድ እምነት አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምፒውተሩ ይታደሳል የሚል። ይህን እምነት ማስተባበል ደክሞኛል፤ ሆኖም ዝም ስል የሚጎዳውን ሰው ስላየሁ አሁንም እናገራለሁ።

እምነቱ የመጣው ከፎርማት ነው። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ ይፈጥናል። ሲከፈት አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች የሉም፤ ሞልቶ የነበረው ዲስክ ቦታ አግኝቷል፤ ከማይታወቅ ቦታ የወረደው ኮተት ሁሉ ጠፍቷል። ፍጥነቱን ያመጣው ጽዳቱ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ቁጥሩ ይወስደዋል። በወሩ ቴሌግራሙ፣ ዙሙና ሦስት ዓይነት አንቲቫይረስ ተመልሰው ሲገቡ ያው መንቀራፈፍ ይመለሳል። ያን ጊዜ ደንበኛው «11 ከባድ ነው፤ ወደ 10 መልስልኝ» ብሎ ይመጣል። እንደገና ፎርማት፣ እንደገና የአንድ ሳምንት ፍጥነት። ለሚጠራጠሩኝ ሰዎች ፋይላቸውን ካስቀመጥኩ በኋላ ያንኑ የነበራቸውን ቨርዥን ከአዲስ ጭኜ እሰጣቸዋለሁ። ልክ እንደ አዲሱ ይፈጥንላቸዋል።

እንዲያውም አዲሱ ከአሮጌው የበለጠ ይጠይቃል። ዊንዶው 10 በ64 ቢት ሲጫን ዝቅተኛው መስፈርት 2 ጊጋ ራም ነበር፤ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይፈልጋል። ይህም ዝቅተኛው ነው፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል ማለት እንጂ ሰው ሳይማረር ይሠራበታል ማለት አይደለም። በሀርድ ዲስክ ላይ 11 የጫነ ሰው መነሻውን ሲጠብቅ ቡና ይፈላል። የደከመን ኮምፒውተር በሚከብድ ሸክም ማዳን አይቻልም።

ፍጥነቱን ስናስተባብል ሰዎች ወደ ደህንነቱ ይዞራሉ፤ «ቢያንስ አዲሱ ከቫይረስ ይጠብቀኛል» ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሚጠብቀን አፕዴቱ ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ማንንም አይጠብቅም።

ማስረጃው ራሱ 11 ነው። የመጀመሪያው 11 የወጣው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ለግል ተጠቃሚ እያንዳንዱ የ11 ዓመታዊ ቨርዥን አፕዴት የሚያገኘው ለሁለት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ያ የመጀመሪያው ቨርዥን በመስከረም መጨረሻ 2016 ዓ.ም. አበቃለት። ዊንዶው 10 ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አፕዴት ሲያገኝ ቆይቷል። 11 ጭኖ በዚያው የተኛ ሰው፣ 10 ይዞ አፕዴቱን ከሚከታተል ጎረቤቱ ይልቅ ለአደጋ ተጋልጦ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ አያምኑኝም።

በሙያ ጓደኞቼ ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ ይመነጫል። 11 ከኢንቴል በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለውን ቺፕ ይጠይቃል። ገበያ ላይ ከሚሸጡት ስላሽ ላፕቶፖች ብዙዎቹ አራተኛና ስድስተኛ ትውልድ ናቸው። ፍተሻውን ዘሎ መጫን እንደሚቻል ሁላችንም እናውቃለን። የማንነግረው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ላይ የየዓመቱ አዲስ ቨርዥን በራሱ አይመጣም፤ አንድ ሰው ተከታትሎ በእጁ ሊጭነው ይገባል። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ፣ 11 የሚል ጽሑፍ አይቶ፣ ተረጋግቶ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥበቃው ሲቆም የሚነግረው የለም።

ከዚህ የሚብሰው አፕዴቱን ራሱን መዝጋት ነው። «ፓኬጄን ይበላብኛል» የሚለው የደንበኛ ስሞታ እውነት ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የአንድ ወር አፕዴት ማውረድ ቀላል ወጪ አይደለም። ግን መፍትሔ ብለን ያመጣነው ገና ከተጫነ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አፕዴቱን ለዘለዓለም ማጥፋትን ነው። ኔትወርኩን ቆጣቢ አድርጎ መመደብ፣ በወር አንድ ቀን ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዶ ማውረድ ይቻላል። አፕዴቱ የተዘጋበት 11 በተጫነበት ቀን ማርጀት ይጀምራል።

በተቃራኒው ጥግ «ካልተበላሸ አትንካው» የሚሉ አሉ። የፋይናንስ ክፍል ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ናቸው፤ ስጋታቸውን እረዳለሁ። ለእነርሱ የምነግራቸው የዋናክራይን ታሪክ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ይህ ቫይረስ ተነስቶ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ እስከመመለስ ደረሱ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን መጋቢት 5 ቀን፣ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ከተጠቁት እጅግ የሚበዙት ዊንዶው 7 ነበሩ፤ 7 ደግሞ በዚያን ጊዜ ገና አፕዴት የሚያገኝ ቨርዥን ነበር፤ ያበቃለት ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዊንዶው 7 ኮምፒውተሮች አንዱ ሲወድቅ ሌላው የቆመው በዚያ አፕዴት ምክንያት ነው። ቁጥራቸው አንድ ነበር።

ሌላው የማይነገረው ነገር በቅያሬው የሚጠፋው ነው። በእኛ አገር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው አማርኛው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቢሮዎቻችን በየራሳቸው ፎንት ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ሳይኖር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ሰነዱን በጥንቃቄ ገልብጦ ፎንቱን ይረሳል። የሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ ያለው መሥሪያ ቤት «ፋይላችን ተበላሸ» ብሎ ሲጠራኝ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጠፋው ማንበቢያው ነው። ኒያላ የተባለው ፎንት እንኳ ከቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ሆኖ ሳለ ከ10 ወዲህ አማርኛን ወይም የኢትዮጵያ ፎንቶችን ለይተው ካልጨመሩ አይገኝም። በኒያላ የተሰናዳ ሰነድ በሌላ ፎንት ሲከፈት መስመሩ ይዛነፋል፤ ሠንጠረዡ ከገጹ ይወጣል።

ሒሳብ ክፍሎች ጋ ደግሞ ከዊንዶው 10 በፊት የወጣው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም አለ። የደረሰኝ ማተሚያው፣ ስካነሩ፣ የአሻራ መቆጣጠሪያው እያንዳንዳቸው ድራይቨር አላቸው። 11 በ32 ቢት አይወጣም፤ ስለዚህ በ32 ቢት ዊንዶው ብቻ ይሠሩ የነበሩ ድራይቨሮችና በጣም አሮጌ ፕሮግራሞች እዚያው ይቀራሉ። በሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ዊንዶው የሚቀይር ሒሳብ ክፍል አይቻለሁ። ይህን ሥራ በዚያ ወር ማንም ቢለምነኝ አልሠራም።

እንግዲህ ልቀይር ወይስ አልቀይር ለሚል ሰው የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ኮምፒውተሩ መስፈርቱን በትክክል የሚያሟላ፣ ኤስኤስዲ ያለውና ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ያለው ከሆነ፣ የሚሠሩበት ፕሮግራምም በሌላ ማሽን ላይ ተሞክሮ ከሠራ፣ ወደ 11 ይለፉ፤ ማዘግየት ጥቅም የለውም። መስፈርቱን ካላሟላ ፍተሻውን አያስዘልሉ። ዊንዶው 10 እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት አለው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ለተመዘገበ፣ ሴቲንጉን ባክአፕ ካደረገ በነፃ፣ ባክአፑን ካልፈለገ በ30 ዶላር። ይህን ጊዜ ለአዲስ ኮምፒውተር ገንዘብ መቆጠቢያ ይጠቀሙበት። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ማሽን ካለዎት ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በነፃ ይጫናል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ችግርዎ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ግን ስለ ዊንዶው ከማውራታችን በፊት ዲስኩንና ራሙን እንይ።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ልመና አለኝ። «ስንት ልጫንልዎ?» ከማለታችን በፊት «ምን ይሠሩበታል?» እንበል። አካውንቱን በራሳችን ኢሜይል አንክፈት፤ ባለቤቱ አጠገባችን ቁጭ ብሎ በራሱ ኢሜይል ይክፈት።

እርስዎም ላፕቶፕዎን ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ፋይልዎን ከፎንትዎ ጋር ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡና ዲስኩን ቤትዎ ያስቀምጡ። 11 ካለዎት ደግሞ ዛሬ ማታ በራስዎ አካውንት መከፈቱን ይዩ፤ ያን 48 አሃዝ ቁልፍ አውጥተው በወረቀት ይጻፉት፤ ወረቀቱን ከልደት ካርድዎና ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር አንድ ላይ ያኑሩት። መምህርቷ ያ ወረቀት አልነበራቸውም።