ጠፍጣፋና ግዘፍ ያለው ሥዕል በአንድ ዓርማ

ዓርማ ማለት አንድ ድርጅት፣ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት ማንነቱን ባጭሩ የሚገልጽበት ምልክት ነው። በመዝገብ ሽፋን ወይም በበር ላይ ሲሣል ባለበት ጸንቶ ይኖራል። በቴሌቪዥን ወይም በኮምፒዩተር የሚቀርብ ዝግጅት ሲጀመር ግን ዓርማው ተንቀሳቅሶ፣ ቀስ በቀስ ተገልጦ፣ በመጨረሻም ቦታውን ይዞ ይታያል። ይህ የጥቂት ሰኮንዶች ትርኢት የዓርማ መክፈቻ ይባላል። ተማሪዎች ሆይ፥ እንዲህ ያለው መክፈቻ ጠፍጣፋ ሥዕልንና ግዘፍ ያለውን ቅርጽ አዋሕዶ እንዴት እንደሚሠራ ቀጥሎ ተገልጧል።

ጠፍጣፋ ሥዕል ቁመትና ወርድ ብቻ ያለው ነው፤ ግዘፍ ያለው ቅርጽ ግን በነዚህ ላይ ጥልቀትን ይጨምራል። ሁለቱን ማጣመር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጎጃም ከሚገኙት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ የገባ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የሚመለከተው ዙሪያውን እየተራመደ ነው። ሥዕሉ ጠፍጣፋ፣ ሕንጻው ግዘፍ ያለው፣ እንቅስቃሴው ደግሞ የተመልካቹ ነው። የቀድሞ ሠዓልያን ብዙውን ጊዜ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሥሉ የነበረው ትርጉሙ ወዲያው እንዲታወቅ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት ደግሞ በፊት ላይ ጥላ እየጨመረ የክብነት መልክ ሰጠው። ስለዚህ ጠፍጣፋነት የችሎታ ማነስ ሳይሆን ትርጉምን ግልጽ ለማድረግ የተመረጠ መንገድ ነው።

እንግዲህ በደብረ ወርቅ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ለዝግጅቱ መክፈቻ ሊሠራ አሰበ እንበል። በመጀመሪያ ሐሳቡ ይወሰናል። በግዕዝ «ደብር» ተራራ ማለት ስለሆነ ደብረ ወርቅ «የወርቅ ተራራ» ይሆናል። ስለዚህ ዓርማው ተራራ፣ ከኋላው የምትወጣ ፀሐይ፣ ከፊቱ የአካባቢውን እርሻ የሚያመለክት የጤፍ ዘለላ፣ ከሥሩም የከተማው ስም ይኑረው። ይህ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይነደፋል። በወረቀት ላይ ያልጠራ ሐሳብ በኮምፒዩተር ላይ አይጠራም።

ቀጥሎ የትኛው ክፍል ጠፍጣፋ፣ የትኛው ግዘፍ ያለው እንደሚሆን ይለያል። መመሪያው፣ ክብደት ያለው ነገር ግዘፍ ይሰጠው፣ የሚነበብ ነገር ጠፍጣፋ ይሁን የሚል ነው። ስለዚህ ተራራው ጥልቀት ይኖረዋል፤ ስሙ ግን ጠፍጣፋ ይሆናል። ምክንያቱ ከሰዋስው ትምህርታችን ጋር የተያያዘ ነው። የፊደሎቻችን ሆሄያት እርስ በርስ የሚለዩት በትንሽ ቅጥልና በጥቂት የቅርጽ ለውጥ ነው። «ረ» ወፍሮ፣ ወደ ጎን ዘንብሎና በራሱ ጥላ ተሸፍኖ ሲቀርብ ከ«ር» ለመለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ ሲጠፋ «ደብረ ወርቅ» የሚለው የግዕዝ ዘርፍ አያያዝ ይፈርስና «ደብር ወርቅ» የሚል፣ ሁለቱ ስሞች ሳይያያዙ የተደረደሩበት ንባብ ይቀራል። ለማሳመር የተደረገው ነገር የከተማውን ስም አበላሸ ማለት ነው።

ከዚያም ጠፍጣፋዎቹ ክፍሎች በየራሳቸው ንጣፍ ላይ ተሥለው ከካሜራው በተለያየ ርቀት ይቀመጣሉ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስትጓዙ በመንገዱ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ በፍጥነት ሲያልፍ፣ በሩቅ ያለው ተራራ የቆመ ይመስላል። የጤፉ ዘለላ ፈጥኖ፣ ፀሐይዋ ዘግይታ ብትንቀሳቀስ፣ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ሳሉ ዓይን በመካከላቸው ርቀት ያገኛል። ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ግሪስ ፔንስል በተባለው መሣሪያው ጠፍጣፋ መስመሮችን ግዘፍ ካላቸው ቅርጾች ጋር በአንድ ቦታ መሣል ያስችላል።

ሁለቱ ዓይነቶች ባዕድ ለባዕድ ሆነው እንዳይታዩ ሦስት ነገሮች ያስተሳስሯቸዋል። እነዚህም ጥቂት የጋራ ቀለሞች፣ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጥቁር የዳር መስመር፣ እንዲሁም ካንድ አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን ናቸው። የተራራው ጥላ ወደ ቀኝ፣ የዘለላው ጥላ ወደ ግራ ቢወድቅ ተመልካቹ ስሕተቱን በስሙ ባይጠራውም ሥዕሉን አያምነውም።

አሁን ጊዜው ይከፋፈላል። እንቅስቃሴ በእውነቱ የቆሙ ሥዕሎች ተከታታይነት ነው። በአዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በሠራው «ሂሳብ» በተባለ አጭር ፊልም፣ የአህያን፣ የውሻንና የፍየልን ተረት በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ እየሣለና ለውጡን ፎቶግራፍ እያነሣ አንቀሳቅሶታል። በሰኮንድ 25 ሥዕል ቢታሰብ፣ የ5 ሰኮንድ መክፈቻ 125 ሥዕል ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሰኮንድ ፀሐይዋ ትውጣ፤ በሁለተኛው ተራራው ይነሣ፤ በሦስተኛው ዘለላውና ስሙ ይግቡ፤ የቀሩት 2 ሰኮንዶች ግን ስሙ እንዲነበብ ያለ እንቅስቃሴ ይለፉ።

በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ያወጣል። አንዱ ሥዕል 2 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ 125ቱ 250 ደቂቃ፣ ማለት 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወስዱበታል። ሥራው በቀጥታ እንደ አንድ ፊልም ቢወጣና በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሥዕል ለየብቻው ቢቀመጥ ግን፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥዕሎቹ ኋላ ተያይዘው ድምፅ ይጨመርባቸዋል።

ከዚህ ገላጭ ጽሑፍ እንደምትረዱት ጥሩ መክፈቻ የሚመዘነው በብልጭታው ብዛት አይደለም፤ ተመልካቹ ከ5 ሰኮንድ በኋላ ማን እንደ ተናገረው ማወቁን በማረጋገጥ ነው። ገላጭ ድርሰትም እንደዚሁ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ለእያንዳንዱ ደረጃ ምክንያቱን ይሰጣል።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ መርጣችሁ፣ የአሠራሩን ደረጃዎች ከነምክንያታቸው በሦስት አንቀጽ ግለጹ።