55 በ41 ሲሸነፍ፦ የብዙኃን ድምፅ በአሜሪካ ፖለቲካ

ዲሴምበር 18 ቀን 2010 የአሜሪካ ሴኔት በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ ለመስጠት ተሰበሰበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ረቂቁ በልጅነታቸው ያለ ሕጋዊ ሰነድ ወደ አሜሪካ የገቡ፣ በዚያው ያደጉና የተማሩ ወጣቶች ቀስ በቀስ ዜግነት የሚያገኙበትን መንገድ የሚከፍት ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ከዐሥር ቀናት በፊት 216 ለ198 በሆነ ድምፅ አሳልፎታል። በሴኔቱ ድምፅ ሲቆጠር 55 አባላት ደገፉ፤ 41 ተቃወሙ። ረቂቁም ወደቀ።

በዕድርም ሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ እጅ ወጥቶ ሲቆጠር የበዛው ወገን ሐሳብ ይጸናል። 41 ሰዎች 55ቱን የሚረቱበት አሠራር ለዚህ ልማድ እንግዳ ነው። በዚያን ቀን ግን ስሕተትም ማጭበርበርም አልተፈጸመም። በሴኔቱ ደንብ መሠረት ክርክሩን ዘግቶ ረቂቁን ወደ መጨረሻው ድምፅ ለማሻገር 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ አምስት ጎደለ። ራሷን የዴሞክራሲ አርአያ አድርጋ የምታቀርብ ሀገር የብዙኃኑን ድምፅ እንዲህ ባለ አጥር ለምን ከበበችው? አጥሩስ የሚጠብቀው ማንን ነው?

መልሱ የሚጀምረው በ1787 ክረምት በፊላደልፊያ ከተማ ነው። ሕገ መንግሥት ለመጻፍ የተሰበሰቡት ልዑካን ሁለት ነገሮችን ይፈሩ ነበር። አንደኛው በጦርነት የተላቀቁት የንጉሥ አገዛዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ብዙ ሰው ስለደገፈው ብቻ የጥቂቶችን መብትና ንብረት የሚደፈጥጥ የብዙኃን አገዛዝ ነበር። በኋላ አራተኛው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄምስ ማዲሰን በተለይ ይህን ሁለተኛውን አደጋ አጥብቀው ይጽፉበት ነበር።

ከዚህ ጋር የትንንሾቹ ግዛቶች ሥጋት ተጨመረ። ውክልና በሕዝብ ብዛት ብቻ ከሆነ ትልልቆቹ ይውጡናል አሉ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ጁላይ 16 ቀን 1787 ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ የተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሴኔት ግን ለእያንዳንዱ ግዛት እኩል ሁለት ወንበር። ውሳኔው የጸደቀው 5 ግዛቶች ደግፈውት፣ 4 ተቃውመውት፣ የአንዱ ልዑካን ደግሞ ለሁለት ተከፍለው ነው። የብዙኃንን ድምፅ ለሁለት መቶ ዓመታት የገደበው ውሳኔ ራሱ ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ መሆኑ ያስገርማል። ማዲሰንም ቢሆኑ የሴኔቱን እኩል ውክልና ተቃውመው ተሸንፈዋል። በዚያው ጉባኤ በባርነት የተያዙ ሰዎች አምስቱ እንደ ሦስት ሰው ተቆጥረው የጌቶቻቸውን ግዛት ውክልና እንዲያበዙ ተደረገ፤ እነርሱ ግን ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ብዙኃኑን ለመገደብ ከተሠራው አጥር ውስጥ የተወሰነው የተተከለው ለመርሕ ሳይሆን ለጥቅም ነው።

ያ ስምምነት ዛሬ የደረሰበትን ለማየት ሁለት ግዛቶችን ማነጻጸር ይበቃል። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካሊፎርኒያ ከ39 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ዋዮሚንግ ደግሞ 577 ሺህ ገደማ። ሁለቱም በሴኔቱ ያላቸው ወንበር ሁለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው በራሷ በዋና ከተማዋ ያለው ነው። በሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የታወቀች ናት። ከዋሽንግተን ከተማ የሚለያት ኢስተርን አቬኑ የተባለ ጎዳና ነው። ዜግነት ያገኘ አንድ ኢትዮጵያዊ ከጎዳናው በሜሪላንድ በኩል ቢኖር ሁለት ሴናተሮችን ይመርጣል። መንገዱን ተሻግሮ በዋሽንግተን በኩል ቤት ቢከራይ ግን አንድም ሴናተር አይኖረውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለው ወኪልም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ መስጠት አይችልም። ዋሽንግተን ግዛት ስላልሆነች ነው። በ2020 የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 690 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ ከዋዮሚንግ ይበልጣል። ለፕሬዚዳንት ምርጫ እንኳ ድምፅ መስጠት የቻሉት በ1961 ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ ነው።

የፕሬዚዳንቱ ምርጫም ቀጥተኛ አይደለም። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ በእርግጥ የሚመርጠው 538 ወኪል መራጮችን ነው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። በ48 ግዛቶች በጠባብ ልዩነትም ቢሆን ያሸነፈ እጩ የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2000 አል ጎር በመላ ሀገሪቱ ከጆርጅ ቡሽ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ብልጫ ያለው ድምፅ አገኙ። ነገር ግን በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ተበለጡና የግዛቷ 25 ወኪሎች ለቡሽ ሆኑ፤ ቡሽም 271 ለ266 አሸነፉ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ቢበልጡም ዋይት ሐውስ የገቡት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው። በ2024 ግን ትራምፕ በሕዝቡም በወኪሎቹም ድምፅ በልጠው ተመልሰዋል።

እስካሁን የተነሡት አጥሮች በአብዛኛው በሕገ መንግሥቱ የተጻፉ ናቸው። 55 ድምፅን የጣለው የ60 ደንብ ግን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ሴኔቱ ለራሱ ካወጣቸው የአሠራር ደንቦች የመጣ ነው። አንድ ሴናተር ንግግሩን እስካላቋረጠ ድረስ ምክር ቤቱ ወደ ድምፅ መሄድ አይችልም ነበር፤ ይህን ንግግርን እንደ መሣሪያ የመጠቀም ዘዴ አሜሪካውያን ፊሊበስተር ይሉታል። በ1917 ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተገኘ ክርክር እንዲዘጋ ተፈቀደ። በ1975 ቁጥሩ ወደ 60 ዝቅ አለ። ዛሬ ለማገድ ቆሞ ማደርም አያስፈልግም፤ 60 ድምፅ አለመኖሩ ከታወቀ ረቂቁ ባለበት ይቀራል። በጀት ነክ የሆኑ አንዳንድ ሕጎችና የሹመት ውሳኔዎች ብቻ በተራ ብልጫ ያልፋሉ።

ይህ ደንብ ምን ያህል ከባድ እንደነበረና አንድ መሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በ1964 ከታየው በላይ የሚያስረዳ የለም።

በደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር አሜሪካውያን በሕግ ተለይተው በተለየ ትምህርት ቤት ይማሩ፣ በተለየ ወንበር ይቀመጡ ነበር። ይህን በሥራ ቦታ፣ በምግብ ቤትና በሆቴል የሚከለክለውን ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት ጆን ኬኔዲ በኖቬምበር 1963 ተገደሉ። የተተኩት ሊንደን ጆንሰን የቴክሳስ ሰው ነበሩ፤ በምክር ቤት አባልነታቸው ለሃያ ዓመታት ያህል የጥቁሮችን መብት የሚመለከቱ ሕጎችን ሲቃወሙ ኖረዋል። አሁን ግን ረቂቁ እንዲጸድቅ ቆርጠው ተነሡ።

በፌብሩዋሪ 1964 ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት 290 ለ130 አለፈ። በሴኔቱ 67 ወንበር የነበራቸው የጆንሰን ፓርቲ ዴሞክራቶች ናቸው፤ ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገውም በትክክል 67 ድምፅ ነበር። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሞልቷል። ይሁን እንጂ ከደቡብ የመጡት የገዛ ፓርቲያቸው ሴናተሮች ሕጉን ለመቅበር ምለው ነበር። የሚመሯቸው የጆርጂያው ሪቻርድ ራስል ደግሞ ጆንሰንን በሴኔቱ ኮትኩተው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጎዶሎው የሚሞላው ከተቃዋሚው ፓርቲ ከሪፐብሊካኖች ብቻ ነበር።

ቁልፉ በሪፐብሊካኑ መሪ በኤቨረት ደርክሰን እጅ ነበር። ጆንሰን ረቂቁን የሚመሩትን ሴናተር ሂዩበርት ሃምፍሪን ደርክሰንን እንዲለማመጧቸው፣ ክብሩንም እንዲያካፍሏቸው አዘዙ። ደርክሰን በቢሯቸው ስብሰባ ጠርተው ረቂቁን አሻሻሉ፤ ቃሉ ተለዘበ፣ መሠረቱ ግን አልተነካም። ለተቃዋሚ ወገን መሪ የክብርን ቦታ መልቀቅ ለአንድ ፕሬዚዳንት ቀላል አይደለም። ጆንሰን ግን በሴኔቱ ለዓመታት የፓርቲያቸው መሪ ሆነው ስለሠሩ የእያንዳንዱን ሴናተር ፍላጎትና ፍርሃት ያውቁ ነበር።

የደቡብ ሰዎች ከማርች ማብቂያ ጀምሮ ለስልሳ የሥራ ቀናት ያህል ተፈራርቀው ተናገሩ። ጁን 10 ቀን ጠዋት የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት ቤርድ ሌሊቱን አልፎ 14 ሰዓት ከ13 ደቂቃ የዘለቀ ንግግራቸውን ጨረሱ፤ ድምፅ መስጠትም ተጀመረ። የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ ታመው መናገር ተስኗቸው ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ገቡ። ስማቸው ሲጠራ ድምፅ አልወጣቸውም፤ እጃቸውን አንሥተው ወደ ዓይናቸው ጠቆሙ። በእንግሊዝኛ «ዓይን» የሚለው ቃል በምክር ቤት «እደግፋለሁ» ለማለት ከሚነገረው ቃል ጋር አነጋገሩ አንድ ነው። ውጤቱ 71 ለ29 ሆነ፤ ከደጋፊዎቹ 27ቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ሴኔቱ በጥቁሮች መብት ጉዳይ ክርክር ሲዘጋ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ጆንሰን ጁላይ 2 ቀን ሕጉን ፈረሙ። ኤንግል በዚያው ወር መጨረሻ ዐረፉ።

ጆንሰን ዋጋ ከፍለዋል። በኖቬምበሩ ምርጫ ከመራጩ ሕዝብ 61 በመቶውን አግኝተው በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፉ፣ ሚሲሲፒና አላባማን ጨምሮ አምስት የደቡብ ግዛቶች ከድተዋቸዋል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የመምረጥ መብትን የሚያስከብረው ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት በሚሲሲፒ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች መካከል ተመዝግበው የነበሩት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ1967 ወደ 60 በመቶ ተጠጉ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሚሲሲፒ «ብዙኃኑ ወሰነ» ሲባል የኖረው አራት ዐሥረኛ የሚሆነውን ሕዝብ ከቆጠራው በማስወጣት ነበር። የደቡብ ሴናተሮች የአናሳውን መብት እንጠብቃለን እያሉ ሲናገሩ፣ አናሳ የሚሉት ራሳቸውን እንጂ ጥቁር ዜጎቻቸውን አልነበረም።

የመሪ ሥልጣን በማሰባሰብ ብቻ ሳይሆን በማስቀረትም ይታያል። በጁን 2013 ሴኔቱ ሰፊ የስደተኞች ሕግ 68 ለ32 አሳለፈ። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ጆን ቤነር ግን ረቂቁን ለድምፅ አላቀረቡትም፤ ከገዛ ፓርቲያቸው አባላት የሚበዙት ካልደገፉት አይቀርብም አሉ። ደጋፊዎቹ ከሁለቱ ፓርቲዎች የሚሰበሰበው ድምፅ ያሳልፈው ነበር ብለው ቢከራከሩም ሳይቆጠር ቀረ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን አንባቢያን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ያ ረቂቅ ሕግ በ1990 የተደነገገውንና በየከተማው ወጣቱ ተሰልፎ ይሞላው የነበረውን ዲቪ ሎተሪን የሚሰርዝ አንቀጽ ነበረው። በዚያ ዓመት ዲቪ ከመሰረዝ የዳነው አንድ አፈ ጉባኤ ለድምፅ አላቀርብም በማለታቸው ነው። አጥሩ አንዱን ሲያግድ ሌላውን ያስጠልላል።

ጠባብ ብልጫ ያለው መሪም በገዛ ወገኖቹ እጅ ይወድቃል። ኬቨን ማካርቲ በጃንዋሪ 2023 አፈ ጉባኤ ለመሆን 15 ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶባቸዋል። በኦክቶበር 8 ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር አብረው 216 ለ210 አወረዷቸው።

የ60 ድምፅ ደንብ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው ሙግት ዛሬም ቀጥሏል። የሚደግፉት ሰዎች ዛሬ 51 የሆነ ነገ 49 ይሆናልና በየምርጫው ሕግ እንዳይገለባበጥ ይጠብቃል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ መራጩ የመረጠው መንግሥት ቃሉን እንዳይፈጽም እጁን ያስራል ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ተከራካሪዎቹ እንደ ወንበራቸው ቦታ ሐሳባቸውን ሲለዋውጡ ማየት የተለመደ ነው። በጃንዋሪ 2022 ዴሞክራቶች ለመራጮች መብት ሕግ ሲሉ ደንቡን ሊቀይሩ ሞክረው 48 ለ52 ተሸነፉ። በ2025 ደግሞ 53 ወንበር የያዙት ሪፐብሊካኖች 60 ድምፅ አጥተው የመንግሥት ሥራ ለ43 ቀናት ተዘጋ። ትራምፕ ደንቡ እንዲሻር ጠየቁ፤ የገዛ ፓርቲያቸው ሴናተሮች እምቢ አሉ። ቀን ሲገለበጥ ደንቡ ለእነርሱም እንደሚያስፈልጋቸው ያውቃሉ።

አጥሩን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማፍረስም ከባድ ነው፤ የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ግዛቶችን ይሁንታ ይጠይቃል። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት ወኪል መራጮችን አስቀርቶ ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ 338 ለ70 ወስኖ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሴኔቱ ውስጥ ክርክሩን ለመዝጋት 54 ደገፉ፣ 36 ተቃወሙ፤ አልበቃም። በኤፕሪል 2021 ደግሞ ዋሽንግተንን 51ኛ ግዛት የሚያደርግ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ208 ጸድቆ ወደ ሴኔቱ ተላከ፤ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በኢስተርን አቬኑ ከዋሽንግተን በኩል በሚመጡ መኪናዎች ታርጋ ላይ ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ የሚል ጽሑፍ ይነበባል።