ልቡ አንድ፣ ልብሱ ብዙ

በአሜሪካ ሕግ ዓይን ሲግ ሳወር ፒ 365 የሚባለው ሽጉጥ መዳፍ ላይ የምታርፍ አንዲት የብረት ቁራጭ ናት። አፈሙዙ፣ ላዩ ላይ የሚንሸራተተው ብረት፣ የፕላስቲክ እጀታው፣ ካዝናው ተራ ዕቃ ነው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች በኢንተርኔት ታዝዞ ቤት ድረስ ይመጣል። ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል፣ ቅጽ ተሞልቶና የገዢው ማንነት ተጣርቶ የሚሸጠው ምላጩንና መቺ መርፌውን ይዞ የሚያቆየውን አሠራር የተሸከመችው ቁራጭ ነው። መለያ ቁጥሩ የተቀረጸው እሷ ላይ ሲሆን፣ በእጀታው ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ይነበባል።

አወጣጧ ቀላል ነው። ካዝናው ይነቀላል። ውስጡ ጥይት አለመቅረቱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተጎትቶ ይቆለፋል፣ በግራ ጎን ያለችው ማፍቻ ትዞራለች፣ ብረቱ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይወጣል። ከዚያ ማፍቻዋ ራሷ ስትነቀል ቁራጯ ከእጀታው ተላቃ እጅ ላይ ትቀራለች። ያቺኑ ቁራጭ ሰፋ ካለ እጀታ፣ ረዘም ካለ አፈሙዝና ከትልቅ ካዝና ጋር መልሶ መግጠም ይቻላል። ጠዋት በሸሚዝ ሥር የተደበቀው ትንሽ ሽጉጥ ማታ የቤት መጠበቂያ ሆኖ ያድራል ማለት ነው። ሞዱላር የሚባለው ይኸው ነው።

ሠሪው ኩባንያ ሲግ ሳወር ይህን አሠራር መጀመሪያ ፒ 250 በተባለ ሽጉጥ ላይ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ገበያው ግን ብዙም አልተቀበለውም። በ2014 ፒ 320ን አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ያኔ የአሜሪካ ጦር ከ1985 ጀምሮ የታጠቀውን ቤሬታ ኤም 9 የሚተካ ሽጉጥ እየፈለገ ነበር፤ አንዱ መስፈርትም የእጀታው ልክ እንደ ወታደሩ እጅ የሚለዋወጥ እንዲሆን ነው። ቤሬታው ወፍራም በመሆኑ እጀ ትንሽ ወታደሮች፣ በተለይም ብዙ ሴቶች፣ ምላጩ ጋር ለመድረስ አያያዛቸውን ማዛባት ነበረባቸው። በጥር 2017 ፒ 320 እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሰውን ውል አሸነፈ። ተፎካካሪው ግሎክ አቤት ቢልም አልተሳካለትም። የጦሩ ስሪቶች ኤም 17 እና ኤም 18 ተባሉ፤ ሁለቱም በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ አላቸው። በሲቪል ገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ፒ 320ዎች ግን ይህ መጠበቂያ የላቸውም።

ውሉ ዓመት ሳይሞላው ጣጣው መጣ። በነሐሴ 2017 አንድ የጦር መሣሪያ ሻጭ ፒ 320 በጀርባው በኩል በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ምላጩን ማንም ሳይነካው እንደሚተኩስ በቪዲዮ አሳየ። ምክንያቱ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ሽጉጡ መሬት መትቶ ድንገት ሲቆም፣ ከባዱ ምላጭ ግን በገዛ ክብደቱ ወደ ኋላ መጓዙን ይቀጥላል፤ ጣት እንደሳበው ያህል ይሆናል። ኩባንያው ምላጩንና ሌሎች ክፍሎችን ክብደታቸው በቀለለ ክፍሎች በነፃ እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ነገሩን ግን ጉድለት ብሎ አልጠራውም፣ በውዴታ የሚደረግ ማሻሻያ ነው አለ። የሚገርመው፣ ጦሩ በራሱ ሙከራ ይህንኑ ደርሶበት የምላጩ ክፍል እንዲቀል ቀደም ብሎ አዝዞ ነበር።

በመውደቅ የሚመጣው ችግር በዚህ ተዘጋ። ሁለተኛው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም፤ አፎቱ ውስጥ እንዳለ ባረቀብን የሚሉ ፖሊሶችና ሲቪሎች ኩባንያውን በየፍርድ ቤቱ ከሰዋል። በ2024 የጆርጂያ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) 2.3 ሚሊዮን፣ የፊላደልፊያዎቹ ደግሞ 11 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ውድቅ የተደረጉ ክሶችም አሉ። ኩባንያው ምላጩ ካልተሳበ ሽጉጡ አይተኩስም በሚለው አቋሙ ጸንቷል። በሐምሌ 2025 የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም አይስ፣ ሠራተኞቹ ፒ 320 እንዳይጠቀሙ አገደ። በዚያው ወር ዋዮሚንግ ባለ የአየር ኃይል ሰፈር አንድ ወጣት የአየር ኃይል አባል በኤም 18 ጥይት ሞተ፤ የኑክሌር ሚሳኤሎችን የሚጠብቀው ዕዝም ሽጉጡን ለጊዜው ከአገልግሎት አወጣ። ብዙዎች ጣታቸውን ወደ ሽጉጡ ቀሰሩ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን አንድ ባልደረባው ሰው በመግደልና የሐሰት ቃል በመስጠት ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ሽጉጦቹም ተመርምረው ወደ ሥራ ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ገዢ ምን ይያዝ? ሽጉጡ በራሱ ይባርቃል ብሎ መደምደምም፣ ወሬ ነው ብሎ መናቅም ያስቸግራል። ሊታይ የሚችለው አሠራሩ ነው። ግሎክ ምላጩ ላይ ትንሽ ምላስ አለችው፤ ጣት እሷን ካልተጫነ ምላጩ አይሄድም። መደበኛው ፒ 320 ይህች የለችውም፤ ምላጩም የሚጓዘው አጭር ርቀት ነው። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ ምላጩ ጋር ከደረሰ የሚቀረው መከላከያ ጥቂት ነው። በየቀኑ ወገብ ላይ ለሚውል ሽጉጥ ከመቶ ዓይነት የእጀታ ቀለም ይልቅ አንድ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ ይሻላል የሚል ሰው አጉል ፈሪ አይባልም።

ያም ሆነ ይህ፣ ወገባቸው ላይ ሊያውሉት የሚፈልጉ ብዙዎች ከፒ 320 ይልቅ ወደ ታናሹ ፒ 365 ያዘነብላሉ። በ2018 ሲወጣ ገበያውን ያስደነገጠው 10 ጥይት ካዝና ውስጥ፣ አንድ ደግሞ አፈሙዝ ውስጥ መያዙ ነው። በዚያ መጠን ያሉ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች እስከዚያ የሚይዙት 6 ወይም 7 ነበር። ክብደቱ ከነባዶ ካዝናው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ውስጡ ያለችው ቁራጭ ከፒ 320 ጋር አትለዋወጥም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስረዳ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ተፎካካሪዎቹም አልተኙም፦ ስፕሪንግፊልድ በ2023 ኤከሎንን፣ ሩገር በ2024 መጨረሻ አርኤክስኤምን በዚሁ መንገድ አውጥተዋል።

ታጥቀውት የማያውቁ ሰዎች ሽጉጥን የሚያጋልጠው የአፈሙዙ ርዝመት ይመስላቸዋል። አፈሙዙ ወደ ሱሪው ውስጥ ስለሚወርድ አይታይም። ሸሚዙን ወጠር አድርጎ የሚያሳብቀው የእጀታው ጫፍ ነው፤ በተለይ ሰው ጎንበስ ሲል። ሞዱላሩ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ አፈሙዙን ረዘም፣ እጀታውን አጠር አድርጎ መግጠም ይቻላል። በአንጻሩ እጀታው ሲያጥር ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፤ ሽጉጡም ሲተኮስ ይዘላል። ትክክለኛውን ልክ የሚነግረው ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ነው። መስታወት ፊት መቆም ስለ ሸሚዙ እንጂ ስለ ዒላማው ምንም አይናገርም።

ደጋግሞ የሚታየው ችግር ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሽጉጡን ይገዛል፣ ጥቂት መቶ ጥይት ይተኩስበታል፣ አንድም ጊዜ ሳይነክስ ይጨርሳል። ከዚያ ቪዲዮ ያይና ምላጩን በሌላ ኩባንያ ምላጭ፣ ምንጩን በሌላ ምንጭ፣ እጀታውን በሌላ እጀታ ይለውጣል፤ በማግሥቱም ታጥቆት ይወጣል። የሞከረው ሽጉጥና የታጠቀው ሽጉጥ ግን አንድ አይደሉም። እጀታ ብቻ ከተቀየረ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ምላጭና ምንጭ ከተነካ ግን ሙከራው ከዜሮ መጀመር አለበት፤ ለመለማመጃ በሚገዛው ርካሽ ጥይት ብቻ ሳይሆን ታጥቆ በሚወጣበት በራሱ ጥይት።

አፎቱም እንደዚያው ነው። አፎት የሚሠራው ለአንድ ቅርጽ ሲሆን፣ ሥራው ምላጩን ዙሪያውን መሸፈን ነው። ሽጉጡ ላይ መብራት ከተገጠመ አፎቱ ለመብራቱ ሲባል ሰፊ ይሆንና ምላጩ አጠገብ ክፍተት ሊቀር ይችላል። ጣት ወይም ጨርቅ የሚያስገባ ክፍተት ያለው አፎት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ አይታጠቁትም። ለስላሳ ጨርቅ አፎትማ ባይነሳ ይሻላል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ሐበሾች ከሽጉጡ ይልቅ ካርታው ነው የሚያስቸግረው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በቨርጂንያ ፈቃድ ሽጉጡን ደብቆ መታጠቅ ይችላል። ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ግን ያ ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም፣ ሽጉጡም በከተማዋ ፖሊስ መመዝገብ አለበት። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢያልፍም ሜሪላንድ የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እሱም ከ16 ሰዓት ሥልጠና በኋላ የሚሰጥ ነው። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም እዚያ አይሸጥም፤ ስለዚህ ባለ 17 ጥይቱ የፒ 365 ስሪት ሜሪላንድ ሱቅ ውስጥ ከነሙሉ ካዝናው አይገኝም። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መያዝ አይችልም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይችላል።

ኡበር ለሚነዱ ወገኖች ደግሞ አንድ ነገር አለ። ኩባንያው ከ2015 ጀምሮ ሾፌርም ሆነ ተሳፋሪ በጉዞ ላይ መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል፤ ሊፍትም እንደዚያው። የግዛቱ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ቢኖርም መተግበሪያው አካውንቱን ሊዘጋ ይችላል። በቀን አሥር ሰዓት መኪና ውስጥ የሚውል ሾፌር፣ ለየቀን መታጠቂያ ብሎ ስድስት መቶ ዶላር ከማውጣቱ በፊት፣ ሽጉጡ በቀን ስንት ሰዓት ወገቡ ላይ ሕግም ሆነ የኩባንያ ደንብ ሳይጣስ ሊውል እንደሚችል ቢቆጥር አይጎዳም።

ያገለገለ ፒ 320 የሚገዛ ካለ ደግሞ፣ ከ2017ቱ ማሻሻያ በፊት የተሠሩ ሽጉጦች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሻጩ «ተሠርቷል» ቢል ቃሉ ብቻ አይበቃም። በእጀታው ቀዳዳ የሚታየው መለያ ቁጥር ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሲገባ ሽጉጡ ማሻሻያው ይመለከተው እንደሆነ በነፃ ይነግራል። መጠየቅ ያለበትም ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነው።