የዝዋይ ደሴትና የጭላሎ ተራራ የአምስት ቀን ጉብኝት እንዴት እንደሚሰናዳ

አገር ጎብኚ ማለት ሸቀጡን ፍለጋ በገዛ እግሩ ሻጩ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ ነው። ቡናን ወይም ቆዳን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ማሸግ፣ ማጓጓዝና የጉምሩክ ሥርዐት መፈጸም ያስፈልጋል፤ የደሴትና የተራራ ውበት ግን ከስፍራው ሳይነቃነቅ ገንዘብ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ይህም ንግድ እንደ ማናቸውም ንግድ ሒሳብና ሥርዐት ይፈልጋል። ወደ አርሲ ለሚመጣ እንግዳ ጉዞ የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የጉዞው ቅደም ተከተል ነው። ውሃው ይቅደም፤ ተራራው ይከተል።

ስለ ስፍራው

የዝዋይ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ደንበል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በጥንት ዘመን ከላንጋኖ፣ ከአብያታና ከሻላ ጋር አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበረ የመሬት አጥኚዎች ያስረዳሉ። በዙሪያው የሚታየው መሬት ሁሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል የቆመው የአሉቶ ተራራ እስከ ዛሬ ድረስ እንፋሎት ያወጣል፤ በከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የአገራችን የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለውም በዚያው ነው።

ከሐይቁ ደሴቶች ስማቸው የታወቀው አምስቱ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ የስሙ ትርጓሜ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው፤ በእውነትም ከውሃው መካከል ብቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በላዩም የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። አበው እንደሚተርኩት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተነሥታ በዚህ ደሴት 70 ዓመት ያህል ተጠብቃለች። በደሴቱ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች የራሳቸው የሆነ ሴማዊ ቋንቋ አላቸው፤ ተዳፋቱን በእርከን እየከለሉ ያርሳሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ።

ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ሁለት ወንዞች አንዱ መቂ፣ ሁለተኛው ቀታር ነው። ቀታር የሚመነጨው ከአርሲ ደጋ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣ እንግዳ የሐይቁን ውሃ ወደ ምንጩ ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው፤ አስጎብኚው ይህን ቢነግረው ሁለቱ ስፍራዎች እንደ አንድ ታሪክ ሆነው ይታዩታል።

ስለ ወቅቱና ስለ ነፋሱ

«የ13 ወር ፀጋ» የሚለው የቀድሞው የኢትዮጵያ ቱሪዝም መፈክር፣ የዘርፉ አባት በሚባሉት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ዘመን ከወጣ ወዲህ በዓለም ሁሉ ታውቋል። ይሁን እንጂ መፈክሩን የሰማ እንግዳ ሁሉ በሐምሌ ወር ወደ ጭላሎ እንዲወጣ መምከር አይገባም። ለዚህ ጉዞ የሚስማማው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በዚያን ጊዜ መንገዱ ይደርቃል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ የአርሲ የስንዴና የገብስ ማሳም ለአጨዳ ይደርሳል። ኅዳር 21 ቀን ደግሞ የጽዮን በዓል ይውላል።

ከወቅቱ ይልቅ ጉዞውን የሚያበላሸው ነፋሱ ነው። ሐይቁ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሸለቆው በቀትር ፀሐይ ሲግል የሚነሣው ነፋስ ፈጥኖ ማዕበል ያስነሣበታል። ጠዋት እንደ መስተዋት የረጋ ውሃ ከሰዓት በኋላ ለትንሽ ጀልባ የሚያሰጋ ይሆናል። ይህን ያላወቀ አሰናጅ እንግዶቹን ከአዲስ አበባ አርፍዶ አስነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ከሐይቁ ዳር ያደርሳቸዋል፤ ጀልባ ነጂው አልሄድም ይላል፤ እንግዶቹም ደሴቱን ከሩቅ ተመልክተው ይመለሳሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሲል እሺ ብሎ የሚሻገር ጀልባ ነጂ ሲገኝ ነው።

ስለ ቀኖቹ አከፋፈል

1ኛ ቀን፤ ከአዲስ አበባ በሞጆና በመቂ አድርጎ ወደ ባቱ ከተማ፣ ማለትም ወደ ቀድሞዋ ዝዋይ መውረድ ነው። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር አባ ኮዳንና ሌሎችን ወፎች እያዩ መዋል ይቻላል። ጀልባውን መመርመርና ውሉን መጨረስ የሚገባው በዚሁ ምሽት ነው።

2ኛ ቀን፤ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ተኩል ወደ ቱሉ ጉዶ መነሣት ነው። የጀልባው ጉዞ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ደሴቱን ወጥቶ ለማየት፣ ገዳሙንም ለመሳለም ሁለት ሰዓት ተኩል መመደብ ይበቃል፤ ቀትር ሳይሆን ግን ጀልባው ከወደቡ መመለስ አለበት።

3ኛ ቀን፤ በሁለተኛው ቀን ነፋስ ከልክሎ ከሆነ፣ የዚህ ቀን ጠዋት ለደሴቱ መጠባበቂያ ይሆናል። ደሴቱ ታይቶ ከሆነ ግን በኦጎልቾ አድርጎ ወደ አሰላ መውጣት ነው። ሐይቁን ከጉዞው መጀመሪያ ላይ የማድረግ ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው፤ በመጨረሻው ቀን ላይ የተመደበ ደሴት በነፋስ ምክንያት ከቀረ ሌላ ቀን አይገኝለትም።

4ኛ ቀን፤ ከአሰላ ማልዶ ወደ ጭላሎ መውጣት ነው። አሰላ 2430 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት የጭላሎ ጫፍ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ከቆላ የመጣ እንግዳ በአሰላ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ቢወጣ አየሩ አይከብደውም። ሁሉም ሰው እስከ ጫፉ ይድረስ አይባልም፤ አስታና ጅብራ ከሚበቅሉበት ድረስ ደርሶ መመለስም በቂ ነው። ለአቀበት የማይችል እንግዳ በዚሁ ቀን ወደ በቆጂ ሄዶ እነ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተገኙበትን አገር ማየት ይችላል።

5ኛ ቀን፤ ጠዋት በአሰላ ገበያ ካሳለፉ በኋላ፣ በአዳማ አድርጎ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ነው።

ስለ ውልና ስለ ጥንቃቄ

የጀልባ ኪራይ በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባው ልክ ቢዋዋሉት ይሻላል፤ በሰው ቁጥር የሆነ እንደ ሆነ አከራዩ ከልክ በላይ ለመጫን ይፈተናል። በውሉ ላይ የተሳፋሪው ብዛት፣ ለያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ መጠባበቂያ ነዳጅና የመመለሻው ሰዓት ይጻፍ። ቀብዱ ከመነሣት በፊት፣ ቀሪው ከተመለሱ በኋላ ይከፈል። ነጂው በነፋስ ምክንያት ጉዞውን ቢያስቀር ቀብዱ ወደ ማግሥቱ ይዛወርለት እንጂ አይወሰድበት። ይህ አንቀጽ ለነጂው የተደረገ ቸርነት ብቻ ሳይሆን የእንግዶቹም የሕይወት ዋስትና ነው፤ እምቢ በማለቱ የማይጎዳ ነጂ በክፉ ሰዓት አይሻገርምና።

በሐይቁ ዳር የብልሃርዝያ በሽታ ስላለ በውሃው ውስጥ በባዶ እግር መግባት አይገባም፤ ጉማሬ ያለበትንም ስፍራ የአገሩን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ባቱ የወባ አገር ስለሆነች አጎበር ይያዝ፤ አሰላ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነውና ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ከጉዞው አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ በየወረዳው አስተዳደር መጠየቅ እንዳይዘነጋ። ከገዳሙ ሲደርሱ ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መልበስ፣ ፎቶግራፍም በፈቃድ ብቻ ማንሣት ተገቢ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ስንቁም በዚያው ልክ ይሰናዳ።

ስለ ንግዱ ጥቅም

ቅደም ተከተሉ ለአሰላ ነጋዴም የተለየ ጥቅም አለው። መንገደኛ በጉዞው መጀመሪያ ላይ ሸክም አይገዛም፤ ለቤቱና ለወዳጁ ስጦታ የሚፈልገው ሊመለስ ሲል ነው። አሰላ የጉዞው ማብቂያ ስትሆን እንግዳው ሁለት ሌሊት ያድርባታል፤ ሲነሣም ቅቤውን፣ ማሩን፣ በሶውንና ጭኮውን ይዞ ይሄዳል። በተለይ ጭኮ፣ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ ስለሆነ፣ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ በንጹሕ ዕቃ ታሽጎ፣ ክብደቱና የተሠራበት ቀን ተጽፎበት ቢቀርብ ለተራራው ስንቅም፣ ለቤትም ስጦታ ይሆናል።

ደግሞም ብዙ እንግዳ ማምጣት ብቻውን ትርፍ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በስተ ምዕራብ የሚገኙት የጋላፓጎስ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ከ2024 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ ከአብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚ 200 ዶላር የመግቢያ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ በፓርኩም ውስጥ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዙ መዘዋወር ክልክል ነው። ቱሉ ጉዶ የዚያን ያህል ጎብኚ የላትም፤ ነገር ግን ትንሽ ደሴት ናት። አስጎብኚውና ቀዛፊው ከደሴቱ ሰዎች ቢቀጠሩ፣ ለገዳሙም የሚገባው አስቀድሞ ቢከፈል፣ ቆሻሻውም ተመልሶ ከባቱ ቢጣል፣ የደሴቱ ነዋሪ እንግዳውን በደስታ ይቀበላል። የተከፋ ነዋሪ ባለበት ደሴት ላይ ግን ጀልባው በሰላም ቢደርስ እንኳ ጉብኝቱ አይሳካም።

እንግዲህ ይህን ጉዞ ለማሰናዳት የሚያስብ የባቱ፣ የአሰላ ወይም የአዲስ አበባ ነጋዴ ከጥቅምት በፊት ሦስት ሰዎችን ፈልጎ ቢያገኝ መልካም ነው፤ እነርሱም ነፋስን የሚያውቅ ጀልባ ነጂ፣ በአሰላ ንጹሕ አልጋ ያለው ባለሆቴልና ጭላሎን የሚያውቅ ባለ ፈረስ ናቸው። ከሦስቱ ጋር ውሉ በጽሑፍ ካለቀ፣ የቀረውን መንገዱ ራሱ ያስተምረዋል።