ከባክቴሪያ ጅራት ሥር ያለው ሞተርና የአስተዋይ ነዳፊ ክርክር



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ሞተር ነው። ኢኮላይ የተባለው ባክቴሪያ የሚዋኘው ፍላጀለም በሚሰኝ ረጅም ክር ነው፤ ክሩን የሚያሽከረክረው ሞተር ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሏል። ዘንግ አለው፤ ቀለበቶች አሉት፤ ክሩን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኝ ተጣጣፊ መገጣጠሚያም አለው። ኃይሉን ወደ ሕዋሱ ከሚፈሱ ፕሮቶኖች ያገኛል፤ በሴኮንድ ከመቶ ዙር በላይ ይዞራል፤ አቅጣጫውንም በቅጽበት ይለውጣል። ይህን አይቶ «መሐንዲሱ ማን ነው?» የሚል ሰው አላዋቂ አይደለም፤ በጥያቄው የሚሣለቁ ባልደረቦቼንም አልደግፍም።

አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ምሁር ማይክል ቢሂ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ጥያቄውን ወደ ክርክር ለወጡት። ከሞተሩ አንዱ አካል ቢጎድል የቀረው አይሠራም፤ ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ሊገነባ አይችልም፤ አስተዋይ ነዳፊ ያሻዋል አሉ።

የዚህ ክርክር ብርታቱ መነሻው ሊፈተን መቻሉ ነው። ተፈተነም። ቸነፈርን የሚያመጣው ባክቴሪያ መርዛማ ፕሮቲኖቹን ወደ ሌላ ሕዋስ የሚወጋበት መርፌ መሰል መሣሪያ አለው። የመሣሪያው ዋና ዋና ፕሮቲኖች ከፍላጀለም ሥር ለሚገኙት ዘመዶች ናቸው፤ መሣሪያው ግን አያስዋኝም። የሞተሩ ከፊል አካል ለብቻው ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬኒያ፣ የዶቨር ትምህርት ቤቶች ጉዳይ በታየበት ችሎት ቢሂ ራሳቸው መስክረዋል፤ ዳኛው ጆን ጆንስ ግን ትምህርቱ ሳይንስ አይደለም ሲሉ ወሰኑ። እኔ በበኩሌ ከፍርዱ ይልቅ የፕሮቲኖቹ ዝምድና ይበልጥ ያሳምነኛል።

ይሁንና መርፌው የሞተሩ ቅድመ አያት ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የዘር ሐረግ ጥናቶች የሚያመለክቱት ተቃራኒውን፣ መርፌው ከፍላጀለም መውጣቱን ነው። መርፌው የሚያፈርሰው «የጎደለው ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለውን መነሻ ብቻ ነው፤ ሞተሩ የተገነባበት መንገድ በዝርዝር ገና አልተገለጠም። «አልተገለጠም» ከሚለው ተነሥቶ «እንግዲያው ነዳፊ አለ» ማለት ግን ማስረጃ የሌለው ዝላይ ነው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች «ይህ ክርክር ከወደቀ እምነቴስ?» ይሉኛል። እምነታቸውን በዚህ ክፍተት ላይ ያቆሙ እንደሆነ፣ ስለ ፍላጀለም የሚታተም እያንዳንዱ ጥናት ያስፈራቸዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ፕሮቲን የሚባል ነገር ሳይሰሙ ጸልየዋል። ፈጣሪ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይህ ሞተር አይፈታውም፤ እኔም በዚህ መድረክ እፈታዋለሁ አልልም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።